አባባ፣ ጀልባዋና የሐኪሙ ወረቀት

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በአቃቂ፣ የሸራ ጀልባ ያለን ቤተሰብ እኛ ብቻ ነን።

አባቴ ዕድሜያቸውን የባቡር ፉርጎ ውስጥ መቀመጫና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ሎጅ ውስጥ ወንበር ሲጠግኑ፣ ጓሮው ውስጥ ለማገዶ ልትፈለጥ የቀረበች፣ ሆዷ ውስጥ መኝታ ክፍል ያላት አሮጌ ጀልባ አዩ። አላስችል አላቸውና በአይሱዙ አስጭነው አመጧት። መንገድ ላይ ትራፊክ አስቁሞ "አባት፣ ይቺን ወዴት ነው?" ቢላቸው "አቃቂ" አሉት። ትራፊኩ መንጃ ፈቃድ መጠየቁን ትቶ ሹፌሩን ስለ አባቴ ጤና ጠየቀው ይባላል። ይባላል ያልኩት፣ የሚለው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ጀልባዋ ግቢያችን ውስጥ ለሦስት ዓመት የዶሮ ማደሪያ ሆነች። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን አባባን ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ብቻቸውን ሆስፒታል ሄደው ተመረመሩና "ውጤቱ ሌላ ቀን ነው" አሉን። በማግሥቱ ዶሮዎቹን አባረው፣ መሮና መዶሻ ይዘው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ።

መቼም የታወቀ ነው፤ ክፉ ነገር ሲገኝ ሐኪም ለበሽተኛው አይናገርም። ቤተሰብ ይጠራል፣ በሽተኛው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰብ ዓይኑን ጠራርጎ ይወጣና "ምንም አይደል፣ ጨጓራ ነው" ይላል። አባባ ግን የሄዱት ብቻቸውን ነው። ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ።

"ቤተሰብ ስላልነበረ ለራሳቸው ነግረዋቸዋል። አውቀው ነው የደበቁን። ሦስት ዓመት ያልነኳትን ጀልባ ዛሬ ምን አስቸኮላቸው?"

"ዶሮዎቹ ኪራይ ከልክለዋቸው ይሆናል።"

"አንተ እኮ ቀብር ላይም ትቀልዳለህ!"

"ቀብር ላይማ ነው የሚያምርብኝ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ የለም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከገላን ኮንዶሚኒየም፣ እሷ ከሳሪስ፣ ሳንቀጣጠር የአባባ በር ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም የሥራ ልብስ ለብሰናል። "ልናግዝዎ ነው" አልናቸው። አባባ የጉምሩክ ፈታሽ ሻንጣ እንደሚያይ ከመነጽራቸው በላይ አዩን።

ሥራው ይኼ ነበር፤ እኔ የበሰበሰውን ጣውላ እነቅላለሁ፣ እህቴ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፣ እናታችን ለአልጋዎቹ ስፖንጅ ሽፋን ትሰፋለች፣ አባባ አዲሱን ጣውላ ይገጥማሉ። ውስጧ ከመጥበቧ የተነሳ አንዳችን ስናስነጥስ ሌላው ነው መሐረብ የሚያወጣው። እንጨቱን የምናይ መስለን ሁላችንም የምናየው አባባን ነው። እሳቸው ሲያስሉ መጋዙ ይቆማል። ቀበቷቸውን ሲያጠብቁ እህቴ ቀዳዳውን ትቆጥራለች፤ "አንድ ጨምረዋል" ትለኛለች በዓይኗ። የሚገርመው፣ አባባም እኛን ይቆጥሩናል። ዞር ስል ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ ነው።

ሰፈሩም በበኩሉ መጠርጠር ጀመረ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ፣ የአቃቂ ወንዝ በክረምት የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ወደ ጎን ሳበኝ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጎርፍ ይመጣል ተብሏል እንዴ? ዕቃዬን ላሽሽ?"

"ቦታ እንይዝልሃለን" አልኩት። "ግን የምንጭነው ጥንድ ጥንድ ነው፤ ከሚስትህ ጋር ታረቅ።"

ሲመሽ ስኳሩን በሙሉ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አውጥቶት አየሁ። ከሚስቱ ጋር ስለመታረቁ መረጃ የለኝም።

በሦስተኛው ቅዳሜ በጀልባዋ ሹል አፍንጫ ውስጥ ያለችው አልጋ ላይ ደረስን። ከትከሻ በኩል ሰፊ፣ ከእግር በኩል ጠባብ ናት። አባባ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አልጋ የሚለኩት በሜትር አይደለም፤ "ሜትር ተኝቶ አያውቅም" ይላሉ። ሰው አስተኝተው ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራሉ። አሁን ራሳቸው ባዶው ጣውላ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዙሪያዬን አስምር።"

አሰመርኩ። ከትከሻቸው ጀመርኩ፤ እግራቸው ጋ ስደርስ ጠመኔው በእጄ ውስጥ ተሰበረ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። መስመሩ ምን እንደሚመስል ለማየት አናጢ መሆን አያስፈልግም ነበር። እህቴ "በስመ አብ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ምን ያስለቅስሻል?" አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"አቧራው ነው።"

"አቧራው?" ብድግ ብለው ተቀመጡ። "እንግዲህ ይበቃል! ዛሬ ትነግሩኛላችሁ። ሐኪሙ ምን አላችሁ?"

"ለማን? ለእኛ?"

"ለእናንተ ነዋ! 'ለውጤቱ ቤተሰብ እንጠራለን' ብለውኝ የእህትህን ስልክ አስመዝግቤያለሁ። ጣሪያው ሦስት ክረምት ሲያፈስ ዝር ያላላችሁ ልጆች፣ ለዶሮ ቤት በየቅዳሜው ትመጣላችሁ? እናታችሁስ ብትሆን የሽሮዬን ቅቤ በእጥፍ የጨመረችው ለምንድን ነው? ጤነኛ ሰው እንዲህ አይቀለብም!"

እናታችን መርፌዋን ስፖንጁ ላይ ሰካችው። "እኔ እነሱን አይቼ ነው" አለች።

"እኛ ደግሞ ለእርስዎ ነግረውዎት የደበቁን መስሎን!" አለች እህቴ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ግን... አንድ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ሰንብቷል። ሎተሪ ደርሶሻል የሚሉት አጭበርባሪዎች መስለውኝ እየዘጋሁባቸው ነው።"

"ታዲያ ምንም ካልሰሙ ጀልባዋ ውስጥ ምን አስገባዎት?" አልኩ እኔ።

አባባ ጠመኔውን ከሱሪያቸው አራገፉ። "ቤት ስቀመጥ እናታችሁ ፊቴን እያየች ፍርሃቴን ታነብብኛለች።"

ሰኞ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ማኅደሩን ገለጥ አድርጎ እኔንና እህቴን አየን። "አባት፣ እርስዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን። ልጆችዎን ላነጋግር።"

አባባ አልተነሱም። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ያ እጅ ስንት ፉርጎ ያቀና እጅ ነው፤ አሁን ግን ወንበሩን የሙጥኝ ብሏል።

"ዶክተር፣ ውጭ የምንጠብቀው እኛ ነን" ብዬ ተነሳሁ። እህቴ በዓይኗ ልትገድለኝ ደርሳ ነበር፤ ክንዷን ይዤ አወጣኋት። እዚያ ኮሪደር ላይ የቆየነው ጊዜ፣ ማጋነን አይሁንብኝና፣ ጢሜን ሁለት ጊዜ የሚያስላጭ ነበር።

አባባ ወጡ። ፊታቸው እንደተዘጋ ሱቅ ነው።

"ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ነው አለኝ። ሦስት። በኦፕሬሽን ይወጣል።"

"ይማሉ!" አለች እህቴ።

"በእናትሽ!"

"ወረቀቱን ያምጡት።"

ሰጧት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየችው። "የዶክተር ጽሑፍ ማን ያነባል? ራሱን እጠይቀዋለሁ!" ብላ ሳታንኳኳ ገባች። በሩም በቅጡ አልተዘጋም። አባባ ከአግዳሚው ተነስተው ወደ ስንጥቁ ተጠጉ።

"ይቀመጡ እንጂ አባባ፤ ነግሮዎት የለም እንዴ?"

"ለእኔማ ነግሮኛል" አሉ በሹክሹክታ። "ለሷ ምን እንደሚላት ልስማ እንጂ!"

እኔም ጎንበስ አልኩ። ጆሯችን በላይና በታች ሆኖ በሩ ላይ ተለጠፍን።

"ጠጠር ነው እህቴ" ይላል ዶክተሩ። "ሦስት ናቸው። ሌላ ምንም የለም።"

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች።

አባባ ክንዴን ጨምድደው እንደያዙ ናቸው። "ደግመሽ ጠይቂው" አሉ፣ ለራሳቸው።