ሰብለወርቅ ዝም ያለችበት ቀን

በጅቡቲ ከተማ የሰብለወርቅን ድምፅ የማያውቅ እሳት አጥፊ፣ ፖሊስ ወይም የአምቡላንስ ሾፌር አልነበረም። ፊቷን የሚያውቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ካርቲየ 2 በተባለው የከተማዋ ሰፈር ተወልዳ ያደገችው ሰብለወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው በአደጋ ጥሪ ክፍል፣ ሦስት ሬዲዮ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነው። አባቷ በባቡር ጣቢያው የስልክ ሠራተኛ ስለነበሩ ወሬ ማቀባበል በደሟ ያለ ነው እየተባለ ይቀለድባት ነበር።

ሦስቱ ሬዲዮዎች ግን እርስ በርስ አይሰማሙም። እሳት አጥፊው፣ ፖሊሱና አምቡላንሱ በየፊናቸው ያስመጧቸው ስለሆኑ የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። እሳት አጥፊዎች «መንገድ ይከፈትልን» ለማለት ለሰብለወርቅ ይነግራሉ፤ እሷ በሌላኛው ሬዲዮ ለፖሊስ ትነግራለች፤ ፖሊሱ «በየት በኩል?» ሲል ደግሞ ተመልሳ ትጠይቃለች። በፈረንሳይኛ የሰማችውን በሶማሊኛ፣ በሶማሊኛ የሰማችውን በአፋርኛ፣ ከወደብ የወጣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና የተገለበጠ እንደሆነም በአማርኛ ስታቀባብል ትውላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አጠገቧ ያለው ስልክ ይጮኻል። የሚያነሳው ሰው የለም።

ሦስቱም ወደ አንድ የጋራ ዲጂታል ሬዲዮ ሥርዓት ይግቡ የሚል ሐሳብ ሲመጣ ስብሰባው ሦስት ወር ፈጀ። ሁሉም አለቃ የራሱን ሬዲዮ የሚያስንቅ የለም ባይ ሆነ። አዲሱን ሥርዓት ያጠናችው መሐንዲስ ማይሙና ደጋግማ ከማስረዳቷ ብዛት ድምፅዋ ሰልሏል።

«አንድ ዓይነት ሬዲዮ ግዙ አላልኩም!» አለች በመጨረሻ። «የፈለጋችሁት ፋብሪካ ይሥራው። የሚነጋገሩበት ደንብ አንድ ይሁን ነው የምላችሁ።»

የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ሙሰዲቅ አልተዋጠላቸውም። የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ክርክር ይወዳሉ። «እስከ ዛሬ ሠርተናል አይደል እንዴ? ምን ጎደለን?» አሉ።

ለጥያቄ ካስፈለገች ተብላ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሰብለወርቅ እጇን አወጣች። «አለቃ፣ ከፈቀዱልኝ የጎደለውን ላሳይዎት። በነገው ልምምድ አሥር ደቂቃ ዝም እላለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም።»

«ዝም ትያለሽ? አንቺ?» ብለው ሳቁ ሙሰዲቅ። «ይሁን!»

በማግስቱ ወደብ አካባቢ ባለ ባዶ መጋዘን እሳት ተነሥቷል ተባለ። አንድ ወፍራም የፖሊስ መኮንን ግንባሩን ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቆስያለሁ ብሎ አስፋልት ላይ ተዘረረ። ሰብለወርቅ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሦስቱም ሬዲዮዎች ስሟን ቢጠሩ፣ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ ወይ ፍንክች።

ፖሊሶቹ የዘጉት መንገድ የእሳት አደጋ መኪናው የሚመጣበትን ሆኖ ተገኘ። አምቡላንሱ በስተጀርባ ባለው በር ቆሞ ቁስለኛ ይጠብቃል፤ ቁስለኛው በፊት ለፊት በር ፀሐይ ይጠብሰዋል። ስምንት ደቂቃ የታገሠው መኮንን በመጨረሻ ተነሣና ልብሱን አራግፎ፣ መጋዘኑን ዞሮ በእግሩ አምቡላንሱ ጋ ደረሰ። «ቁስለኛው እኔ ነኝ፤ አልጋው የታለ?» አለ።

ሙሰዲቅ እስኪያነቡ ሳቁ። «በቃ፣ ወላሂ ተረታሁ!»

ደንቡ ጸደቀ። ከሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡት አዳዲስ ሬዲዮዎች እንደ ወንድማማች ተነጋገሩ። አመል ግን አላጡም፤ ቁልፉን ተጭኖ ጢጥ የምትለዋን ድምፅ ያልጠበቀ ሰው የንግግሩ መጀመሪያ ይበላበታል። ሰብለወርቅ ይህን የተማረችው ከአምቡላንስ ሾፌሩ ከይሄይስ ጋር ሲሞክሩ ነው። እሷ «አትምጣ» ስትል እሱ ሳይረን እያስጮኸ ከች አለ።

«ማን ና አለህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ ሰብለ! ‹ምጣ› አላሉኝም?»

በወሩ አንድ ረፋድ ላይ ባልባላ በሚባለው ሰፈር የአናጺ ቤት ተቃጠለ። ሙሰዲቅ መንገድ ጠየቁ፣ ፖሊሱ ራሱ መለሰላቸው፣ ይሄይስም ሰምቶ በዚያው ታጠፈ። የሰብለወርቅ እጅ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደና ባዶውን ተመለሰ። ማንም አልጠራትም። የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ በአንድ ጠዋት ያለቀ መሰላት።

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ፤ አነሣችው። «እባካችሁ! አሮጊት ጎረቤቴ ውስጥ ናቸው! ከአናጺው ጀርባ!» አለች አንዲት ሴት በአማርኛ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«በሩ ምን ዓይነት ነው? ቀለሙን ንገሪኝ።»

«ሰማያዊ! ሰማያዊ ቆርቆሮ!»

ሰብለወርቅ ቁልፉን ተጫነች፣ ጢጥ እስኪል ጠበቀች፣ በፈረንሳይኛ አንዴ ብቻ ተናገረች። ሦስቱም እኩል ሰሙ። በአራተኛው ደቂቃ «ወጥተዋል፣ ደህና ናቸው» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከኋላው አሮጊቷ በሳል መሀል ነጠላ ጫማቸው እንዲመጣላቸው ሲቆጡ ይሰማል። ሰብለወርቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች። ቀጥሎ የጮኸውንም ስልክ አነሣች፤ ከዚያም የሚቀጥለውን።

እሳቱ ከሰዓት በፊት ጠፋ። አሮጊቷ፣ እማማ እልፍነሽ፣ ዓርብ ዕለት ምሳ ጠሯቸውና ሰብለወርቅና ይሄይስ በሚኒባስ ባልባላ ወጡ።

«እማማ፣ ያሉበትን የተናገረችው እኮ እሷ ናት» አለ ይሄይስ።

እማማ እልፍነሽ ሰብለወርቅን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እኔ ያንቺን ድምፅ አልሰማሁም፣ ልጄ። እኔን ተሸክሞ ያወጣኝ አንድ ረጅም ጎረምሳ ነው። ለማንኛውም እግዜር ይስጥሽ፤ ቅረቢ፣ ብዪ» አሏት።

ሰብለወርቅ እየሳቀች እጇን ታጠበችና ወደ ማዕዱ ቀረበች።