አራጌ ከወንበሩ ሲነሳ

የአራጌ ጥፋት አስተዳደጉ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሙሉ ታላቅ ሰው ሲያልፍ ተቀምጦ የሚቀር ልጅ እንዳይኖራቸው በምክርም በአርጩሜም ደክመውበታል። ስለዚህ ሽማግሌ ባየ ቁጥር እግሮቹ ሳያማክሩት ይነሳሉ። ለሌላ ሰው ያማረ ጠባይ ነው፤ ለትራክተር ነጂ ግን መከራ።

አራጌ ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የገበሬዎች ማኅበሩን ትራክተር ይነዳል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያረሰርሰው የመዝሪያ ማሽኑን ከኋላ አስሮ ማሽላ በመስመር ይዘራል። ማሽኑ በጎኑ የተዘረጋ የብረት ክንድ አለው፤ ክንዱ እየሄደ አፈሩን ይጭራል። አራጌ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር የፊት ጎማውን እዚያ ጭረት ላይ ያስገባል። ጎማው ጭረቱን ከያዘ መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ይበቅላሉ። ከሳተው አንዱ መስመር ከጎረቤቱ ይጣበቃል፣ ሌላው እንደተኳረፈ ሰው ይርቃል። ጭንቁ ያለው መዞሪያው ላይ ነው እንጂ ቀጥ ባለውማ ማንም ይነዳል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር መይሙና ናት፤ ቀልድ አይገባትም። የእሷ ማሳ መዞሪያው ወደ ገበያ ከሚወርደው የእግር መንገድ ዳር ነው። አምና እዚያ ሲዘራ ደግሞ የገበያ ቀን ገጠመው። በዞረ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ያልፋል፤ አራጌ «ኖር!» ብሎ ይነሳል፤ መሪው ከእጁ ይንሸራተታል። በየሽማግሌው ቢያቆም ማሳው ሳያልቅ ይመሽበታል። ሼህ አሊ ሲያልፉማ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ተጠያይቀው እስኪጨርሱ ጎማው በራሱ መንገድ ሄዷል።

ማሽላው ሲበቅል ጉዱ ወጣ። መይሙና መንገዱ ዳር ቆማ በጣቷ ታመለክት ጀመር።

«ይቺ ሼህ አሊ ናቸው። ይቺኛዋ እናት ራዊያ። ያቺ የተጠማዘዘችውስ የማን ናት?»

«አማቴ ናቸው» አለ አራጌ አንገቱን ደፍቶ።

በሬ የሚጎትተው መኮትኮቻ በጎበጡት መስመሮች መካከል ሲገባ ማሽላውን ከአረሙ ጋር ነቅሎት ወጣ። «በሚመጣው ክረምት ብትደግመው ቁልፉን ለናትናኤል ነው የምሰጠው» አለችው። ሌላው ነጂ ናትናኤል ለእናቱ እንኳ ሰላምታ የሚመልሰው በቅንድቡ ነው።

አራጌ ያቺን ትራክተር ይወዳታል። ሌላ ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ እሷ ላይ ሲወጣ ዓለም ሁሉ መልክ የያዘ ስለሚመስለው ነው። ዘንድሮ ስለዚህ ላለመነሳት ቆረጠ። በሌላ ሰው ማሳ ላይ ሞከረው፤ አንገቱን ገትሮ፣ ዓይኑን ጭረቱ ላይ ተክሎ ዋለ። መስመሩ ቀና። ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ቤት ገባ።

«የክርስትና አባትህን ተቀምጠህ አሳለፍካቸው አሉ» አሉት እናቱ፣ እራቱን አቅርበው ፊታቸውን እያዞሩ።

«መስመሩ እንዳይጎብጥብኝ ነው እማ።»

«መስመሩ ይቅናና የኔ አንገት ይጉበጥ?»

አራጌ አሰበ፣ አሰላሰለ፣ በመጨረሻም መላ አገኘ። ከመጀመሪያው ባይቀመጥስ? ቆሞ የሚነዳን ሰው ማን ተቀመጠ ይለዋል?

የመይሙና ማሳ ተራ ሲደርስ ዘንድሮም የገበያ ቀን ሆነ። አራጌ ቆሞ ነዳ። ወገቡ ተሰበረ፣ ጎማው ግን ጭረቱን አልለቀቀም። ሼህ አሊ «ማሻአላህ፣ ያሳደገችህን አላህ ይጠብቃት» ብለው አለፉ። መይሙና ጥላዋን ዘርግታ ከዳር እያየች «ቀጥል» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

መጨረሻ አካባቢ የክርስትና አባቱ አያ ደምሴ ብቅ አሉ። ቅያሜያቸው ገና አልወጣላቸውም ነበር። አራጌን ቆሞ ሲያዩት ግን ለሳቸው የተነሳ መሰላቸውና ልባቸው ቅቤ ጠጣ።

«በእግዜር ልጄ! ተቀመጥ።»

«ግድ የለም አያ፣ እንዲሁ ይሻለኛል።»

«ኧረ አይሆንም። ተቀመጥ!» በትራቸውን እያነሱ ከትራክተሩ ጎን ጎን ይሄዱ ጀመር።

«ሥራ ላይ ነኝ አያ።»

«በሞቴ!»

እዚህ ላይ ነገሩ አበቃ። የክርስትና አባቱ በሞቴ ብለውት እምቢ የሚል ሰው ቢፈለግ ናትናኤል ብቻ ነው። አራጌ ዱብ ብሎ ተቀመጠ፣ መሪው አብሮት ዞረ፣ ጎማው ጭረቱን ለቀቀ። አያ ደምሴ መርቀውት ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ማሽላው ሲበቅል መይሙና አስጠራችው። ማሳው እንደ ሸማ ጥለት ቀጥ ብሏል። መዞሪያው ላይ ብቻ አንዲት መስመር ወደ መንገዱ ሆዷን ነፍታ ትታያለች። መይሙና እጇን ዘረጋች። አራጌ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው እንጂ ማልቀስ አምሮት ነበር።

በዚህ መሐል አያ ደምሴ ከገበያ ሲመለሱ ደረሱ።

«ይቺ ምን ሆና ነው እንዲህ የጎበጠችው?»

«አንቱ ሲያስቀምጡት ነው አያ» አለች መይሙና። «በሷ ምክንያት ቁልፉን ተቀብየዋለሁ።»

አያ ደምሴ መስመሯን አዩ። የአራጌን ባዶ እጅ አዩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው የኔ ናት። በሬው ወደሷ ድርሽ አይበል፤ እኔ በእጄ አርማታለሁ። ልጁም ቁልፉን ይያዝ።»

«አንቱ በዚህ እድሜ ጎንበስ ብለው? አይሆንም አያ።»

«በሞቴ።»

መይሙና ቀልድ ባይገባትም በሞቴ ይገባታል። ቁልፉን መለሰችለት።

አያ ደምሴ ያቺን ጎባጣ መስመር ክረምቱን ሁሉ አረሟት። መንገደኛ ማሳው የማን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ወገባቸውን ይዘው ቀና ይሉና «የመይሙና ነው፤ ይቺ ግን የኔ ናት» ይላሉ። አራጌም ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ አብሯቸው ጥቂት አረም ይነቅላል።

በዓመቱ ቆሞ እየነዳ እዚያው መዞሪያ ላይ ሲደርስ ከቁልቋሉ ጥግ የጋቢ ጫፍ አየ። አያ ደምሴ አፋቸው «ተቀመጥ» ከማለት እንደማይመለስ ስለሚያውቁ ትራክተሩ እስኪያልፍ ተደብቀዋል። አራጌ ጎማውን ጭረቱ ላይ አስገባ፣ ማሽኑን አወረደ፣ መስመሩ መቅናቱን አየ። ከዚያ ወደ ቁልቋሉ እጅ ነሳ።

«ኖር አያ!»

የጋቢው ጫፍ ወደ ቁልቋሉ ውስጥ ተሰበሰበ።

«በእግዜር» የሚል ድምፅ መጣ በመጨረሻ። «እዚህ ማንም የለም፤ እንደቆምክ ንዳ።»