አይጥ የሌለበት መጋዘን

እህል ባለበት ቤት አይጥ ይኖራል። አዘዞ መንገድ ዳር ባቄላ የምንለቅምበት መጋዘን ውስጥ ግን አንድም አይጥ አልነበረም። ድመቷ እንኳ ትታው ሄደች። ገና ሙሽራ ነበርሁና ነገሩ ሸጋ መሰለኝ።

ባቄላው ለካ ለዘር የመጣ፣ ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ የተቀባ ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት እያሳጠበ ለምግብ ይሸጠዋል። እኛ ለቃሚዎቹም ጥራጊውን በነጠላችን ቋጥረን ለንፍሮ እንወስዳለን። አንድ ቀን ለዶሮዎቼ በተንሁላቸው። ብመለስ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ተኝተዋል፤ ዓይናቸው አልተከደነም።

እፍኝ ባቄላ ይዤ ጎንደር ወጣሁ። ግማሹን ለጤና ሹሙ ሰጠሁ፤ ግማሹን በነጠላዬ ጫፍ አስቀረሁ።

«ሂጂ፣ እናያለን» አለኝ።

በማግስቱ ባለቤቱ፣ ወሬው ከጤና ሹሙ ደርሶት ኖሮ፣ «ባቄላ ተሰረቀብኝ» ብሎ አውጫጪኝ አስጠራ። ሌባው እስኪታወቅ መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም በተራው የሚያውቀውን በሽማግሌዎቹ ጆሮ ያንሾካሹካል።

ሁለት ቀን ተቀመጥን። ልጅ የምታጠባ ጎረቤቴ፣ «ምነው እቴ፣ ለአንድ ድስት ሹሮ የማይበቃ ባቄላ አገር አስቀመጠ!» ብላ ሳቀች። አብሯት የሳቀ የለም። ዞር ብል በዙሪያዬ ያለው ሣር ባዶ ሆኗል። ማንም ሲነሣ አላየሁም፤ ግን ሁሉም ርቀውኛል። አውቀዋል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ የጠሩት ግን የሳቀችውን ነበር።

«ተዋት! የወሰድሁት እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ።

ባለቤቱ ፈገግ አለ። «በይ፣ ሌባ መሆንሽን አገር ይስማ።»

ነጠላዬን ፈታሁ። «እነሆ ጌታው፣ ንብረትዎ። ንጹሕ ከሆነ አንዷን ይቆርጥሙልን።»

ባለቤቱ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ምነው ጌታው፣ አንድ ፍሬ እኮ ናት» አለ ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጠው የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ቀስ ብሎ።

ባለቤቱ በቅሎውን አስመጣና ሄደ። ሌባ የተባልሁት ግን እኔ ነኝ። ሥራዬን አጣሁ። ጠዋት ከጎረቤት እሳት ልጭር ስሄድ በሩ ይዘጋል፤ ከበሩ ጀርባ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የሳቀችው ጎረቤቴም አልከፈተችልኝም። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልረሳሁም።

በሳምንቱ በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ለቃሚዎቹ ከሥራ ሲወጡ አየኋቸው። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ያራግፉ ነበር። ጥራጊ የቋጠረች አንዲትም አልነበረች።