የአጎቴ መንበርከኪያ ምንጣፍ

ጎማ ልንገዛ ከምንኖርበት ከስቶቭነር ሰፈር የወጣነው ባለቤቴ ሰናይት፣ የአሥር ዓመቷ ልጄ ሩትና እኔ ነበርን። በመኪና የሚጎተተውን የሽርሽር ቤት፣ ካራቫኑን፣ ትተውልን ያረፉት አጎቴ በዚህ ጊዜ አብረውን አልነበሩም። ጎማ ሲመርጡ የሚንበረከኩባት ቁራጭ ምንጣፍ ግን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበረች።

አጎቴ ሳይንበረከኩ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። መነጽራቸውን ያደርጉና ጎማው ጎን ላይ ያለውን፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳየውን ቁጥር ያነባሉ። «ካራቫን ቆሞ ነው የሚከርመው» ይሉኝ ነበር። «ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል።»

እኔ ያን ቀን አልተንበረከክሁም። ጥርሳቸው ያልተነካ ሁለት ያገለገሉ ጎማዎች በስምንት መቶ ክሮነር አየሁና ወዲያው እጄን ኪሴ ከተትሁ። ለልጄ ስለ ቁጠባ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ስስቴንም ቁጠባ እያልኩ እንደምጠራው አልክድም።

ሰናይት ግን ምንጣፏን አንጥፋ ተንበርክካ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እነዚህ እኮ የሩት እኩያ ናቸው!»

«ኔይ፣ አይደለም ማሚ፣ እኔ አላረጀሁም!» አለች ሩት።

ከቀብሩ ወዲህ ሦስታችንም አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። ከሰናይት ጎን ምንጣፏ ባዶ ነበረች፤ እዚያ ተንበረከክሁ። ሩትም መሃላችን ገባች። የካራቫኑን ክብደት የሚችሉ፣ ዘንድሮ የተሠሩ፣ ስማቸው ያልገነነ ሁለት ጎማዎች አገኘን። ርካሽ መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሳይመረምሩ በገዙት ጎማ ላይ ቤተሰብን መጫን ግን ነውር ነው።

በበጋው አጎቴ ይወዱት ወደነበረው ሐይቅ እንሄዳለን። ጎማው ያስወጣን በጠቅላላ ሁለት ሺህ አራት መቶ ክሮነርና ለእያንዳንዳችን አንድ ጊዜ መንበርከክ ነው።