ባጃጅ ወደ ግራ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወዴት ይወድቃል?

ትናንት ጠዋት ልጄ ከገዛ ባጃጄ ላይ ልትወድቅብኝ ነበር... ለጥቂት ተረፈች። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ እዚህ የምጽፈውም ካልተነፈስኩት ስለማያስተኛኝ ነው።

ለማታውቁኝ፣ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ልጄ ቤዛ ሰባተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት ከኋላ ሦስት ሰው ጭኜ፣ እሷን ከጎኔ በቀኝ በኩል አስቀምጬ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ... ኮሜንት ላይ እንዳትሰድቡኝ፣ ስድቡን ትናንት ራሴን በራሴ ሰድቤ ጨርሼዋለሁ።

ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ በግራ የምንገባበት መታጠፊያ አለ። እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ «ያዢ» እላታለሁ፤ ከፊቷ ያለውን ብረት ማለቴ ነው። በቀኝ በኩል በር የለማ። ባጃጅ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከጎን የተቀመጠ ሰው ወደ ቀኝ፣ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፣ አንዴ መሳፈር ይበቃል።

ትናንትም «ያዢ» አልኳት። አልያዘችም። እጇን ደብተሯ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ስንታጠፍ ግማሽ ሰውነቷ ወደ ውጭ ወጣ... ጋዙን ለቅቄ በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትቼ መለስኳት። ከኋላ የነበሩት እናት «ያ ረቢ» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ደህና አድርጌ ተቆጣኋት። ለምን አልያዝሽም ስላት እንባዋ እየወረደ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«መምህር ወደ ግራ ነው ብለዋል አባዬ። ወደ አንተ የምጠጋ መስሎኝ ነው።»

ከቦርሳዋ የሳይንስ ፈተናዋን አውጥታ አሳየችኝ። ባጃጅ በፍጥነት እየሄደ ወደ ግራ ቢታጠፍ ተሳፋሪው ወዴት ያዘነብላል ይላል ጥያቄው። ልጄ «ወደ ቀኝ» ብላ ጽፋለች። ምክንያቱንም ጨምራለች፦ ሰውየው በቀጥታ መሄዱን ሊቀጥል ይፈልጋል፣ ባጃጁ ግን ከሥሩ ይታጠፍበታል። ኢነርሽያ ይባላል ብላ አስምራበታለች። በላዩ ላይ ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰ ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያናደደኝ ማርኩ አይደለም። ልጄ በየቀኑ በገዛ ሰውነቷ የምታውቀውን ነገር አንድ ኤክስ አስጥሏት ብረቱን አለመያዟ ነው። ሳይንስ ስትወድ ብታዩ... ቤት ውስጥ ያልፈታታችው ራዲዮ የለም። እሷ ግን ከባጃጁ ስትወርድ ከእንግዲህ መምህር ያሉትን ብቻ ነው የምጽፈው አለችኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄጄ መምህሩን ጠበቅኩት። ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው፣ ያልታረሙ ፈተናዎች በእጁ ይዟል። የሆነውን ሁሉ በንዴት ነገርኩት። እሱ ደግሞ ጋሼ እያለ በትህትና ያስረዳኛል። ባጃጁ ሲታጠፍ ኃይሉ ወደ ግራ ነው፣ ስለዚህ ሰውየውም ወደ ግራ ይሄዳል፣ የመልስ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው አለኝ።

ትህትናው ይብስ አናደደኝ። እሺ ኃይሉ ወደ ግራ ይሁን፤ የሚያጥፈው ባጃጁን ነው፣ ለሰውየው ማን ነገረው?

ክርክሩን ተውኩትና ምሳ ቤት ላድርስዎት አልኩት። ከኋላ ሦስት ሰው ሞላሁ። ለእሱ የቀረው የልጄ ቦታ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ ክፋት አላሰብኩም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ይያዙ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ... ዋጥኩት። ፍሬቻ ብቻ አበራሁ።

ገና መሪውን ሳላዞር መምህሩ ብረቱን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ፈተናዎቹ ከጭኑ ላይ ተንሸራትተው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

አቆምኩ።

«መምህር፣ ለምን ያዙ?»

«እንዳልወድቅ ነዋ።»

«በየት በኩል?»

በር ወደሌለው ወደ ቀኙ አየ። ብረቱን ግን አልለቀቀም። ከኋላ አንዷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። እጁ ያውቃል እኮ። የልጄም እጅ ያውቅ ነበር፣ እሱ ኤክስ እስኪያደርግበት ድረስ።

በመጨረሻ እውነቱን አወጣው። ፈተናውን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ የመልስ ወረቀቱን እያየ ነው ያረመው። ያ የኃይል ማብራሪያም እዚያው በር ላይ፣ እኔ ስቆጣው የመጣለት ነው። አንገቱን ደፍቶ ነገ ክፍል ውስጥ አስተካክላለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። ወረቀቶቹን አብሬው ለቀምኩለትና ተለያየን። ትንሽ በረደልኝ።

ዛሬ ቤዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ወረቀቱን አየሁት። ቀዩ ኤክስ እንዳለ ነው፣ አጠገቡ ትንሽ ራይት ተጨምሯል። መምህር ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«ቀኝ ላለም ግራ ላለም ማርክ ይሰጠዋል፣ ሁለቱም ትክክል ነው አሉ።»

ደሜ ፈላ። ለእኔ አፍ መዝጊያ የልጄን ማርክ መለሰ፤ የቀሩት ልጆች ግን ስህተታቸውን ራይት አስደርገው ቤታቸው ገቡ። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ነገ ጠዋት በአንዱ ባጃጅ በቀኝ በኩል እንደሚቀመጥ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መምህር፣ ይህን ካነበቡ... ወረቀትዎ ሁለቱንም ይቀበል ይሆናል፣ መታጠፊያው ግን አንዱን ብቻ ነው።