ልጄን አልደብቃትም

ሦስተኛ ልጄን የወለድኩት ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ በነበረን ቤት ነው። ከፊቷ ሁለት ወንዶች ነበሩኝና ሴት ናት ሲሉኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ያጠባኋትን አረንጓዴ አድርጋ መለሰችው። አማቴ ሊያጥቧት ገልጠው አዩ። «ሱብሃነላህ! መቀመጫዋ ድፍን ነው» አሉ። ለሰገራ መውጫ አልነበራትም።

«ሆስፒታል እንውሰዳት» አልኩ።

«የአላህ ሥራ ነው ልጄ። አታንገላቻት፤ እዚሁ እቅፍሽ ውስጥ በሰላም ትሂድ።»

«እማ፣ አላህ ከወሰነ ሆስፒታልም ያገኛታል። እርስዎ ግን አይወስኑባት።»

እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ እናቱንም እኔንም አየን፤ ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ባጃጅ ፍለጋ ወጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሆዷን በጎን በኩል ከፍቶ የአንጀቷን ጫፍ ወደ ውጭ አወጣው። «ለጊዜው በዚህ ትጸዳዳለች። ጠንከር ስትል መውጫ ይሠራላትና ይሄኛው ይዘጋል» አለኝ። ሰገራውን የሚይዘውን፣ ሆዷ ላይ የሚለጠፈውን ከረጢት ፈልጌ አጣሁ። የባለቤቴን አሮጌ ሽርጥ እየቀደድኩ አስርላት ጀመር።

ጨርቁን አጥቤ ግቢው መሐል ሳሰጣ ጎረቤቴ «ጓሮ ብታሰጪው ምን አለ? ሰው ያየዋል» አለችኝ።

«ፀሐይ ያለው እዚህ ነው» አልኳት። እዚያው አሰጣሁት።

የባለቤቴ እህት ስታገባ ደግሞ ዘመዶቹ ልጅቷን ቤት እንድተዋት መከሩኝ። ይሸታል አሉ። አዲስ ቀሚስ አልብሼ ወሰድኳት፤ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲሟሟቅ ጨርቁ አፈሰሰ። አጠገቤ የነበሩት አፍንጫቸውን በሻሻቸው ያዙ። አንዷ «ውጭ ወስደሽ ለውጪላት» አለችኝ። አልተነሳሁም። ጭኔ ላይ አጋድሜ መጥረግ ስጀምር አማቴ ውሃ በጆግ ይዘው መጡ፤ ከጎኔ ቁጭ አሉ።

«ምን ታያላችሁ?» አሉ ሴቶቹን። «ልጅ ሲጠረግ አይታችሁ አታውቁም?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታሰርላትን ጨርቅ የሚቀድዱት እሳቸው ሆኑ።

ጠንከር ስትል መውጫው አዲስ አበባ ተሠራላት፤ ከወራት በኋላ የጎኑ ተዘጋ። መጀመሪያ በተፈጥሮው መንገድ የተጸዳዳች ጊዜ ዋርዱን በእልልታ አቀለጥኩት። ነርሷ «ምን ተገኘ?» እያለች ሮጣ መጣች። ጨርቁን ገልጬ አሳየኋት። «እልል በይ፣ አንቺም!» አልኳት። ሳቀችና እልል አለች።

እስከ መጨረሻው አልዳነችም፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ያመልጣታል። ትምህርት ቤት ላስገባት ስወስዳት መምህሯ «ይህ እስኪተዋት ቤት ብትቆይስ?» አለችኝ። ቅያሪ ልብስ የያዘውን ቦርሳ ወንበሯ ሥር አስቀመጥኩና «ትማራለች» ብያት ወጣሁ። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ቅያሪዋን ራሷ ትይዛለች፣ ልትቀይር ስትወጣ ማንንም አታስፈቅድም።