እትዬ ሐዋ ያመጡልኝ ጌም

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለእህቴ አልነገርኩም፤ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። አሁን ለእናንተ የምናገረው ቀሎኝ አይደለም። ስለ አንዲት ሴት ሐሰቱን ያስወራሁት እኔ ነኝና እውነቱንም ማውራት ያለብኝ እኔው ነኝ።

እትዬ ሐዋ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ በየሳምንቱ ደሴ እየሄዱ ዕቃ ያመጡ ነበር። በሰፈራችን ልጁን ዐረብ አገር ያልላከ ቤት ስለሌለ፣ ደሴ የደረሰውን ጥቅል ሁሉ እየተቀበሉ ለየባለቤቱ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ለድካማቸው ምንም አይቀበሉም። "አማና እኮ ነው፤ የሰው አደራ። ሸቀጥ ነው እንዴ?" ይሉ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያምናቸዋል። አንድ ክረምት መንገዱ ተበላሽቶ አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ሲቆም፣ የሰው ጥቅል እንዳይረጥብ ጋቢያቸውን አልብሰውት እሳቸው በስብሰው መጡ።

እህቴ ዘሃራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የአሠሪዎቿ ልጆች ያደጉበትን አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም ሊጥሉት ሲሉ ለምና ወሰደችና ለእኔ እንደምትልከው በስልክ ነገረችኝ። ጌሙ የባለቆቡ ቀበሮ ነበር። ባለቆቡን ቀበሮ የማያውቅ ልጅ በከተማው አልነበረም፤ ዲሽ ያለው ቤት ተሰብስበን የምናየው ካርቱን ነው። ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነበር። "እናንተ ታዩታላችሁ፤ እኔ ግን ራሴ አስሮጠዋለሁ" እያልኩ ክፍላችን ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ጎረርኩ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቤታችን እንዲመጡም የክፍሌን ልጆች ጠራኋቸው።

ጥቅሉ ሐሙስ ደረሰ። እማዬ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር እትዬ ሐዋ በእጄ ሰጡኝ። ዙሪያውን በወፍራም ክር የተሰፋ ነበር፤ ስፌቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ለእማዬ ቀሚስና ሻሽ፣ ከሥር ደግሞ ጌሙ ነበረ። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት።

እንዴት ልንገራችሁ? ቀበሮው ቀበሮ አይመስልም። አረንጓዴ ነው። ቆቡ ከጭንቅላቱ ተለይቶ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። ያ የምንወደው ዘፈን የትንኝ ድምፅ ሆኗል። ፊት ለፊት ወንዝ አለ፤ ይዘላል፣ ይወድቃል። እንደገና ይዘላል፣ ይወድቃል። ጣቴ እስኪያመኝ ሞከርኩ። ከወንዙ ማዶ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገ ልጆቹ መጥተው ሲስቁብኝ ታየኝ። ጌሙን ከነካሴቱ ከነጆስቲኩ ይዤ ሄጄ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። እህቴ ለምና ያገኘችውን! ቀሚሱንና ሻሹን አልጋ ላይ አስቀመጥኩና እማዬ ስትመጣ "ጌሙ የለበትም" አልኳት።

ምነው በዚህ ባበቃ ኖሮ! ዘሃራ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት ብላ በስልክ ማለች። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ እትዬ ሐዋ ራሳቸው ቤታችን መጡ። እማዬ ፊት አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ፋጡማ ልጄ፣ ስሰጥሽ ስፌቱ ደህና ነበር አይደል?"

"አዎ" ብል ያበቃ ነበር። "ከሥር በኩል ተፈትቶ ነበር" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

አልተቆጡም፤ አልማሉም። "እንግዲያው በእኔ እጅ ነው የጠፋው" አሉና ተነሡ። በሁለተኛው ሳምንት ከደሴ ሌላ ጌም ገዝተው አመጡልኝ። "የቀበሮውን ፈልጌ አጣሁት፤ ይሄ የመኪና ነው አሉኝ። አፉ በዪኝ ልጄ" አሉኝ። እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔን፣ አፉ በዪኝ! እኔም ተቀበልኳቸው። ልጆቹን ጠርቼ ተጫወትኩበት። ጥሩ ጌም ነበር። የሰው ልብ እንዲህ ይደነድናል? የሰውስ ልብ እንዲህ ይሰፋል?

ከዚያ በኋላ ጥቅሉን በእሳቸው እጅ የሚያስመጣ ጠፋ። የእማዬም ሰላምታ ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን ከለቅሷችንም ከደስታችንም ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ወር ዘሃራ ጠቅልላ ስትገባ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው። እህቴ ፊቷን አዞረችባቸው። "እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ" ብለው፣ የያዙትን ማር ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውሸቴን ያኔውኑ አውቀው የሸፈኑልኝ ይመስለኝ ነበር። አያውቁም ነበር።

"አውቶቡሱ ውስጥ ትንሽ አሸልቦኝ ነበር" አሉኝ። "ያን ጊዜ ከፍተውት ነው ብዬ... ይኸው እስከ ዛሬ መኪና ላይ ዓይኔን አልከድንም።" የሚያጥፉትን ጨርቅ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ቆይተው "ለመሆኑ ምን ቢጎድለው ነው የጣልሽው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ ቆቡና ስለ ወንዙ ነገርኳቸው። ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም።

"እኔ አፉ ብዬሻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ለእናትሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪያት። ጎረቤቴን አሥራ አራት ዓመት ነው የነሳሽኝ።"

ነገርኳት። እማዬና ዘሃራ ተያይዘው ሱቃቸው ሄዱ፤ እኔን ነይ አላሉኝም። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። አልፈርድባትም።

ልጅ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። እትዬ ሐዋ ከራሳቸው ይልቅ እኔን ያመኑት ልጅ ስለነበርኩ ነው።